ጅማን አልጄሪያ የወሰድኳት ቀን

(ጅማ ውስጥ ለተማሪዎች፣ ለቡና አምራቾችና ለሰፈሩ ሰው ያደረግኩት ንግግር ነው። ወደ ጽሑፍ ስመልሰው ጥቂት አሳጥሬዋለሁ። ታዳሚው የጠየቀኝን ግን በየቦታው ትቼዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ከኋላ የተደረደራችሁት ተማሪዎችም፣ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። በኑዛዜ ልጀምር። እኔ ጅማን አንድ ቀን አልጄሪያ ወስጃት አውቃለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። የቡና ማሳ በጂፒኤስ የምንመዘግብ ጥቂት ልጆች ነበርን። ቀኑን ሙሉ ጭቃ ለጭቃ ስንዳክር ውለን፣ ማታ ቁጥሩን ኮምፒውተር ላይ አስገባሁ። ካርታውን ስከፍት ማሳዎቹ የሉም። ጅማ አለች፣ አጋሮ አለ፣ ማሳዎቹ ግን የሉም። ካርታውን አሳነስኩት። አሁንም የሉም። ደግሜ ሳሳንሰው ተገኙ፤ ሜዲትራኒያን ባሕር ዳር፣ አናባ ከምትባል የአልጄሪያ ከተማ አጠገብ ተኮልኩለዋል።

ማሽኑ አልተሳሳተም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። የጅማ ቁጥር 7.67 እና 36.83 ነው። እኔ 36.83ን አስቀድሜ፣ 7.67ን አስከትዬ ጻፍኩት። በቃ፣ ይኸው ነው። ቁጥሮቹ አልተለወጡም፤ ወረፋቸው ብቻ ተለዋወጠ። ቡናችን ግን ሰሃራን ተሻግሮ አደረ።

ያን ቀን ጓደኞቼ ስቀውብኝ አልበቃቸውም። እኔም እስካሁን እስቃለሁ። ዛሬ እዚህ ያቆመኝ ግን እሱ ስህተት ነው።

መጀመሪያ የሚጻፈው ቁጥር ኬክሮስ ይባላል። ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ምን ያህል እንደራቅን ይነግረናል። ወገቡ ላይ ዜሮ ነው፤ ዋልታው ላይ 90 ይደርሳል። ሁለተኛው ኬንትሮስ ነው። እንግሊዝ አገር ግሪንዊች ላይ ከሚያልፈው መስመር ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ምን ያህል እንደሆንን ይናገራል። እሱ እስከ 180 ይሄዳል። አንድ ዲግሪ ኬክሮስ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ከጅማ ተነስቶ በቀጥታ ወደ ደቡብ የሚሄድ ሰው 850 ኪሎ ሜትር ግድም ሲጓዝ ወገቡን ይረግጣል።

አቅጣጫውንም ዘንግቶ መጻፍ አለ። ኮምፒውተር ላይ ደቡብና ምዕራብ በመቀነስ ምልክት ነው የሚጻፉት። 7.67 ላይ መቀነስ ብትጨምሩ ጅማ ታንዛኒያ፣ ኡዙንግዋ ተራሮች አካባቢ ትገኛለች። 36.83 ላይ ብትጨምሩ ደግሞ አትላንቲክ ውቅያኖስ መሃል ትሰጥማለች። አንዲት ሰረዝ ናት እንግዲህ።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። ሁለቱ ቁጥሮች መንታ ይመስላሉ እንጂ ጠባያቸው አይገናኝም። ኬክሮስን ተፈጥሮ ራሷ ትሰጣችኋለች። ኬንትሮስን የሰጠን የሰው ስምምነት ነው። አንዱን በዱላ ታገኙታላችሁ። ለሌላው ሰዓት ያስፈልጋል።

ከዱላው እንጀምር። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ዱላ ደልዳላ ሜዳ ላይ ትከሉ። ቱንቢ ካላችሁ በቱንቢ አስተካክሉት። ቀኑ መስከረም 12 ወይም 13 ይሁን፤ ያኔ ፀሐይ ልክ የምድር ወገብ አናት ላይ ናት። ጥላው እያጠረ እያጠረ ይመጣና መልሶ መርዘም ይጀምራል። በጣም ያጠረበትን ቦታ ምልክት አድርጉና ለኩት። ጅማ ላይ 13 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይሆናል። ጥላውን ለዱላው አካፍሉ። ካልኩሌተራችሁ ላይ የታንጀንት ግልባጩን፣ tan⁻¹ የሚለውን፣ ተጫኑ። 7.67 ግድም ይወጣል፤ አንድ ዲግሪ ስድሳ ደቂቃ ተብሎ ስለሚከፈል 7 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ ማለት ነው። ይሄው ነው የጅማ ኬክሮስ። ሳተላይት የለ፣ ኢንተርኔት የለ፣ ካርድ መሙላት የለ።

ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። በጥላው ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ብትሳሳቱ ጅማን 60 ኪሎ ሜትር ያህል ትገፏታላችሁ። አስረዝማችሁ ከለካችሁ ሊሙ ገነትን አልፋችሁ ትሄዳላችሁ።

ኤራቶስቴንስ የሚባለው የእስክንድርያ ሊቅ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው ክፍለ ዘመን የምድርን ዙሪያ የለካው በዚሁ መንገድ ነው። የዛሬዋ አስዋን ላይ በዓመቱ ረጅም ቀን፣ በቀትር፣ ጥላ እንደማይኖር ሰማ። በዚያው ቀን እስክንድርያ ላይ ጥላው 7 ዲግሪ ከ12 ደቂቃ አዘንብሎ አገኘው። ይህ የክብ አንድ ሃምሳኛ ነው። የሁለቱን ከተሞች ርቀት በሃምሳ አባዛና የምድርን ዙሪያ አገኘ። የእኛም ማዕዘን ከሱ ብዙም አይርቅም። ከወገቡ እስከ ጅማ ያለው መንገድ የምድር ዙሪያ 47ኛው እጅ ነው።

ጥላ ጨርሶ የማይታይበት ቀን ጅማም አላት፤ ያውም በዓመት ሁለቴ። አንደኛው በሚያዝያ መጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ሁለተኛው ነሐሴ 27 ገደማ። በእነዚያ ቀናት ቀትር ላይ ፀሐይ በትክክል አናታችን ላይ ትውላለች። ሰው ጥላውን ረግጦ ይቆማል። የነሐሴውን እንኳ ተዉት፤ የጅማ ዝናብ መች ያሳየናል። ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ግን ፀሐይ በቀትር በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። የቀትር ጥላችሁ ወደ ደቡብ ይወድቃል ማለት ነው። ይህን ስነግራቸው የሚገረሙ ሰዎች አይጠፉም። ዕድሜ ልካቸውን ግን በላዩ ተመላልሰውበታል።

ሌሊት ደግሞ የሰሜን ኮከብ አለ። ከአድማስ በላይ ያለው ከፍታ ከቆማችሁበት ኬክሮስ ጋር እኩል ነው ለማለት ይቻላል። እጃችሁን ዘርግታችሁ ቡጢ ብታደርጉ ስፋቱ አሥር ዲግሪ ያህል ነው። ጅማ ላይ ኮከቡ ከአንድ ቡጢ በታች ዝቅ ብሎ ነው የሚገኘው። ኮረብታና ዛፍ ስለሚጋርደው ብዙዎቻችን አይተነው አናውቅም።

ከዚህ የሚከተል አንድ ነገር አለ። ወገቡ አጠገብ ስለሆንን ጅማ ላይ በረጅሙ ቀንና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት አይሞላም። ለንደን ላይ ስምንት ሰዓት ያልፋል። ቀኑን ከንጋት ጀምሮ መቁጠር ለእኛ የሚመቸን ለዚህ ነው። ለንደኖች እንደኛ ቢቆጥሩ ኖሮ በዓመት ውስጥ አንድ ሰዓት ከምኑ ጋር እንደሚገጥም ይጠፋባቸው ነበር።

አሁን ወደ ኬንትሮስ።

ምድር በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ትዞራለች። በሰዓት 15 ዲግሪ፣ በአራት ደቂቃ አንድ ዲግሪ። ስለዚህ ኬንትሮስ ሌላ ምንም አይደለም፤ ጊዜ ነው። ጅግጅጋ ዘመድ ያለው ይህን ያውቃል። በረመዳን ጅግጅጋ አፍጥሮ ሻይ ሲጠጣ ጅማ ገና መግሪብን ይጠብቃል። በሁለቱ መካከል ስድስት ዲግሪ አለ፤ ስድስት በአራት 24 ደቂቃ።

እዚህ ላይ የቃል ነገር አለ፤ እኔን ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። በባሕረ ሐሳብ፣ በቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር ስሌት፣ ሊቃውንቱ ዕለትን ስድሳ ቦታ ይከፍሉና እያንዳንዱን ኬክሮስ ይሉታል። አንድ ኬክሮስ 24 ደቂቃ መሆኑ ነው። ዓመቱን 365 ዕለት ከ15 ኬክሮስ የሚሉት ከዚህ የተነሣ ነው፤ 15 ኬክሮስ የዕለት ሩብ ነውና። ስለዚህ በጅማና በጅግጅጋ መካከል ልክ አንድ ኬክሮስ አለ፤ በድሮው ትርጉሙ። ዛሬ ግን ቃሉ የሰሜንና የደቡቡ ቁጥር መጠሪያ ሆኗል። የጊዜው ቃል ለዱላው ተሰጠ፣ ጊዜ የሚፈልገው ደግሞ ሌላ ስም አገኘ። ተማሪዎች ሁለቱ ቢምታቱባችሁ አልፈርድባችሁም።

ሰዓታችንም የራሱ ጉድ አለው። የአገራችን ሰዓት የተቆረጠው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ነው። ያ መስመር በሶማሌ ክልል፣ በዋርዴር አካባቢ ነው የሚያልፈው። ጅማ ከሱ ስምንት ዲግሪ ወደ ምዕራብ ናት። ስለዚህ ግድግዳችን ላይ ያለው ሰዓት ስድስት ሲል የጅማ ቀትር ገና ነው። በአማካይ 33 ደቂቃ ይቀረዋል። የካቲት መጀመሪያ ላይ ፀሐይ የምትወጣው 12 ሰዓት ከ50 ግድም ነው። ጠዋት ልጆቻችሁን ለትምህርት ስትቀሰቅሱ «ገና ጨለማ ነው» ካሏችሁ አትቆጧቸው። እውነታቸውን ነው፤ የዋርዴርን ሰዓት ነው የምንኖረው።

እንግዲህ ኬንትሮስን ለማወቅ ሁለት ሰዓት ያስፈልጋል። አንዱ የቆማችሁበትን ቦታ ቀትር ይነግራችኋል፤ ያንን ፀሐይ ትሰጣችኋለች። ሌላው የሩቁን፣ የመነሻውን ቦታ ሰዓት ይዞ መጓዝ አለበት። ችግሩ ይሄ ሁለተኛው ነበር። መርከበኞች በሙቀት፣ በብርድና በማዕበል የማይዛባ ሰዓት አልነበራቸውም። በ1707 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ያሉበትን ቦታ ስተው ከእንግሊዝ በስተደቡብ ምዕራብ ካሉት የሲሊ ደሴቶች ዓለት ጋር ተላተሙ። ብዙ ሰው አለቀ። በ1714 ፓርላማው መላ ላመጣ ሰው እስከ 20,000 ፓውንድ እሸልማለሁ አለ።

መላውን ያመጣው የሥነ ፈለክ ፕሮፌሰር አይደለም። ጆን ሃሪሰን የሚባል አናጢ ነው። አራተኛ ሥራው ተለቅ ያለ የኪስ ሰዓት ይመስላል። በ1761 ወደ ጃማይካ ሲጫን በ81 ቀን ውስጥ የተሳሳተው አምስት ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ሽልማቱን ግን ቶሎ አልሰጡትም። ለብዙ ዓመት አመላለሱት። ነገ ና፣ ነገ ና ማለት የእኛ አገር ብቻ እንዳይመስላችሁ።

የዜሮው መስመር ግሪንዊች ላይ መሆኑስ? ተፈጥሮ አላዘዘችም። እ.ኤ.አ. በ1884 የ25 አገሮች መልእክተኞች ዋሽንግተን ላይ ተሰብስበው ድምፅ ሰጡ። 22ቱ ግሪንዊች ይሁን አሉ። አንዱ ተቃወመ፣ ፈረንሳይና ብራዚል ድምፅ ሳይሰጡ ቀሩ። ፈረንሳዮች እስከ 1911 ድረስ በፓሪስ መስመር ቀጠሉ። ያን ጊዜ ሌላ ከተማ ተመርጦ ቢሆን ኖሮ 36.83 የሚባለው ቁጥራችን ዛሬ ሌላ ነበር። 7.67 ግን ከቦታው ንቅንቅ አይልም።

ፈረንሳይን ካነሳሁ አይቀር፣ አንድ ፈረንሳዊ በዚህ በኛ አካባቢ አልፏል። አንቷን ዳባዲ ይባላል። በ1843 እ.ኤ.አ. ሊሙ ኤናሪያ ደርሶ ነበር፤ በንጉሡ በአባ ባጊቦ ዘመን። ከኮረብታ ኮረብታ እያየ ማዕዘን እየለካ የኢትዮጵያን ተራሮችና ከተሞች በቁጥር አስቀመጠ። ትዕግሥቱ ይገርማል። ግን የጊቤ ወንዝ ነጭ ዓባይ ውስጥ ይገባል ብሎ ድርቅ አለ። ጊቤ ኦሞ ሆኖ ቱርካና ሐይቅ ነው የሚገባው። የተራራውን ቦታ በቁጥር ያገኘ ሰው የወንዙን መንገድ ሳተ። ቁጥር ነጥቡ የት እንዳለ ይናገራል። ውኃው ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ወንዙን ተከትሎ መውረድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ አባት እጃቸውን አነሱ። «ልጄ፣ ይሄ ነገር ቂብላ ለማወቅ ይረዳል?» አሉኝ።

በደንብ ይረዳል እንጂ አባቴ። የጥንት የእስልምና ሊቃውንት ስለ ኬክሮስና ኬንትሮስ ብዙ የደከሙት አንድም በዚህ ምክንያት ነው። አልቢሩኒ ከሺህ ዓመት በፊት የከተሞችን ቁጥር እየለካ ቂብላቸውን ያሰላ ነበር። የመካ ቁጥር 21.42 እና 39.83 ነው። ከጅማ ብዙ ወደ ሰሜን፣ ጥቂት ወደ ምሥራቅ። ሲሰላ ከሰሜን ወደ ምሥራቅ 12 ዲግሪ ያህል ዘንበል ማለት ነው። ስሌቱን ለማይወድ ሰው ደግሞ ቀላል ዘዴ አለ። ግንቦት 19 እና 20 በእኛ ሰዓት አቆጣጠር 6 ሰዓት ከ18 ላይ ፀሐይ ልክ በመካ አናት ላይ ናት። ሐምሌ 8 እና 9 ደግሞ 6 ሰዓት ከ27 ላይ። በዚያች ደቂቃ ፊቱን ወደ ፀሐይ ያዞረ ሰው ፊቱን ወደ መካ አዞረ። የአንድ ሜትር ዱላ ጥላ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ጥላው የሚያመለክተው ከመካ በተቃራኒ ነው። እሳቸውም «አልሐምዱሊላህ፣ ግንቦት እናያለን» ብለው ተቀመጡ።

አሁን ስልካችሁን አውጡ። «ሎኬሽን ላክልኝ» ስትባባሉ የምትልኩት እነዚህኑ ሁለት ቁጥሮች ነው። ፈረንጅ አራዳ ነኝ፣ ከመስጊዱ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር ያለው ቤት ከማለት ይቀላል። ስልኩ ቁጥሩን የሚያገኘው 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከሚዞሩ ሳተላይቶች ነው። ቢያንስ አራቱን መስማት አለበት። እያንዳንዱ ሳተላይት የሚያወራው ስለ ሰዓት ብቻ ነው፦ «ይህን ያልኩት በዚህች ቅጽበት ነው» ይላል። ስልኩ መልእክቱ ስንት ጊዜ እንደፈጀ አስልቶ ርቀቱን ያወጣል። የሰከንድ ሚሊዮንኛዋ እንኳ ብትዛባ 300 ሜትር ያስታል። የሃሪሰን ሰዓት ሰማይ ወጣ በሉት።

ለቡና አምራቾቻችን የሚሆነው ነገር እዚህ ላይ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ፣ ከ2020 ማብቂያ በኋላ ደን ተመንጥሮ በተገኘ መሬት ላይ የበቀለ ቡና ገበያው እንዲገባ አይፈልግም። ለማጣራት ደግሞ ማሳው ያለበትን ቁጥር ይጠይቃል። ከአራት ሄክታር የሚበልጥ ማሳ ዙሪያው ተለክቶ ይሰጣል። ከዚያ በታች ለሆነው አንድ ነጥብ ይበቃል። የእኛ ገበሬ ማሳ አብዛኛው ከዚያ በታች ነው። ቁጥሩ ግን ከነጥብ በኋላ ቢያንስ ስድስት አሃዝ ይኑረው ይላል።

ስድስት አሃዝ ምን ማለት ነው? ከነጥብ በኋላ ሁለት አሃዝ ብትጽፉ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው የምትለዩት። አራት ከሆነ 11 ሜትር። ስድስት ከሆነ 11 ሴንቲ ሜትር፤ ከአንዲት የቡና ቅጠል አይበልጥም። ስልካችሁ ግን ክፍት ሰማይ ሥር ቢሆን እንኳ የሚስተው በሜትሮች ነው። የጥላ ዛፍ ሥር ከሆናችሁ ይብሳል። ስለዚህ የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች ጌጥ ናቸው። ጻፏቸው፣ ደንብ ነውና። አትመኩባቸው።

የምትመኩበት ሌላ ነገር ነው። አንደኛ፣ ወረፋው። ኬክሮስ ይቅደም፤ አለዚያ አናባ ላይ እንገናኝ። አንዳንድ ኮምፒውተር ደግሞ ኬንትሮስን አስቀድሞ ስለሚፈልግ ርዕሱን ሳታነቡ አትሙሉ። ሌላው ዲግሪና ደቂቃ ናቸው። 7 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ 7.40 አይደለም! ደቂቃ ከስድሳ ነው፣ ስለዚህ 7.67 ይሆናል። 36 ከ50ውንም 36.50 ብሎ የጻፈ ሰው ማሳውን በአየር መስመር 47 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ በቦንጋ መንገድ በኩል ወሰደው። ይህ ከአልጄሪያው የከፋ ነው። አልጄሪያ የሄደውን ሁሉም አይቶ ይስቃል። 47 ኪሎ ሜትር የሄደው ግን አሁንም ኢትዮጵያ ውስጥ፣ አሁንም ቡና ያለበት ቦታ ስለሚያርፍ ማንም ልብ አይለውም። ምናልባት የሚያርፈው ደን ላይ ነው።

ከቆዩ የወረቀት ካርታዎች ቁጥር የምታነቡ ካላችሁም ተጠንቀቁ። የቆዩት ካርታዎቻችን አዲንዳን በሚባል መነሻ፣ ማለትም ቁጥሮቹ በሚለኩበት መሠረት፣ የተሠሩ ናቸው። ስልኩ የሚጠቀመው ሌላ ነው። የሁለቱ ልዩነት ጅማ ላይ ከ100 ሜትር ይበልጣል።

አንዲት እናት ከመሃል ተነሡ። «ቁጥሩን ከሰጠሁ መሬቴ ይወሰድብኛል?» አሉ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ብዙ ሰው በልቡ የያዘው ይህንኑ ጥያቄ እንደነበረ ገባኝ።

እናቴ፣ ቁጥሩ መሬቱ የት እንዳለ ይናገራል። የማን እንደሆነ አይናገርም። እሱን የሚናገረው የይዞታ ደብተርዎ ነው። ስለዚህ ቁጥሩን የሚመዘግብ ልጅ ሲመጣ ማን እንደላከው ይጠይቁ። ቁጥሩን በወረቀት ጽፎ እንዲተውልዎ ያድርጉ። ከዚያ ልጅዎ ስልኳ ላይ ትክተተውና ካርታው ላይ የት እንደሚያርፍ ይዩ። ጓሮዎ ላይ ካረፈ ደግ። አናባ ካረፈ፣ ልጁን መልሰው ይጥሩት።

መጨረሻ ላይ ከኋላ አንዲት ተማሪ «መስከረም 12 ዱላውን ስንት ሰዓት ላይ እንትከል?» አለችኝ።

ከስድስት ሰዓት በፊት ትከሉት። በጣም የሚያጥረው ግን 6 ሰዓት ከ25 አካባቢ ነው።

«ቅድም 33 ደቂቃ አላልክም?»

አልኩ፤ በአማካይ ነው ያልኩት። ምድር ፀሐይን የምትዞርበት መንገድ ፍጹም ክብ አይደለም፣ ዘንጓም ያዘነበለ ነው። ስለዚህ ፀሐይ አንዳንዴ ከሰዓታችን ትቀድማለች፣ አንዳንዴ ትዘገያለች። መስከረም ላይ ሰባት ደቂቃ ያህል ትቀድማለች።

«ቢደምንስ?»

መጋቢት 11 አለልሽ። ያኔ ግን ዘግይታ ነው የምትመጣው። 6 ሰዓት ከ40 ጠብቂያት።